የቀጥታ ድጋፉ ገንዘብ በማን እጅ ይግባ? ባለመብቱ ይጠየቅ

የክፍያ ቀን ሲደርስ በገጠር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚሉት ሁሉ የስሙ ባለቤቶች አይደሉም። ማየት የተሳናት እናት በልጇ፣ መንቀሳቀስ የማይችል አባወራ በጎረቤቱ በኩል ድጋፉን ይቀበላሉ። ታማኝ ተወካይ የተቀበለውን ሳያጎድል ያደርሳል፤ ለዚህ ድካሙም ምስጋና ይገባዋል። ይሁንና ከተወካዩ ታማኝነት የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። ድጋፉ በምን መልክና በማን እጅ እንዲደርሰው ባለመብቱ ራሱ ተጠይቋል ወይ?

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎቹን በሁለት ዋና ዋና መንገዶች ይረዳል። ጉልበት ያለው ቤተሰብ በእርከን፣ በመንገድና በተፋሰስ ልማት ተሰማርቶ ክፍያ ያገኛል። በአካል ጉዳት፣ በእርጅና ወይም በጽኑ ሕመም ምክንያት ሠርቶ የሚያድር ሰው የሌለበት ቤተሰብ ግን ሥራ ሳይጠየቅ ቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ይሰጠዋል። የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም በ2009 ዓ.ም ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ሲጀመር ይህንኑ የቀጥታ ድጋፍ ይዞ ነው።

ድጋፉ የሕግ መሠረት አለው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና አሳዳጊ ለሌላቸው ሕፃናት እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 12 አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ አካል ጉዳተኞች የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመቆጣጠር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ሁለቱ ሲነበቡ መልእክታቸው ግልጽ ነው፤ ድጋፉን ማግኘት መብት የሆነውን ያህል ድጋፉን ማዘዝም መብት ነው።

በተግባር ሲታይ የመጀመሪያው ምርጫ እህል ወይስ ገንዘብ የሚለው ነው። በፕሮግራሙ አሠራር ድጋፉ በእህል ሲሰጥ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል መነሻ ሆኖ ሲያገለግል ቆይቷል። አራት አባላት ላሉት ቤተሰብ ይህ 60 ኪሎ ግራም ይሆናል። ጤነኛ ገበሬ በአህያው ጭኖ ይመለሳል። አህያ የሌላት፣ በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ግን ለጫኝ የምትከፍለው ከዚያው ከድርሻዋ ተቆንጥሮ ነው። ገንዘብ በአንጻሩ በመቀነት ተቋጥሮ ይገባል። ሆኖም አርሶ አደሩ እንደሚያውቀው ምርት ከአውድማ በሚገባበት ወቅት የሚረግበው የእህል ዋጋ ጎተራው በሚራቆትበት ክረምት ይንራል። በጥር አንድ ጆንያ የሚገዛ ብር በነሐሴ ግማሹንም ላይሞላ ይችላል። ስለዚህ ለሁሉም የሚስማማ አንድ መልስ የለም። የክፍያው ዓይነት የሚወሰነው ግን በወረዳ ደረጃ በመሆኑ የጫኝ ዋጋ የሚከብዳት ሴትም ሆነች የገበያ ዋጋ የሚያሰጋው አባወራ ለየብቻ የመምረጥ ዕድል የላቸውም።

ሁለተኛው ምርጫ የመክፈያው መንገድ ነው። ክፍያው ከእጅ በእጅ ወደ ባንክ ሒሳብና ወደ ሞባይል እየተሸጋገረ ነው። ይህ ወረፋን ይቀንሳል፤ በመካከል የሚቆረጠውንም ገንዘብ ለመቆጣጠር ይረዳል። ነገር ግን መልእክቱን ማንበብ ለማትችል ዓይነ ስውር የሚስጥር ቁጥሩ ሚስጥር አይሆንም። ስልኩን የሚያነብላት ሰው ሒሳቧንም ያውቃል። ቀድሞ በወር አንድ ቀን ብቻ በሌላ ሰው እጅ ያልፍ የነበረው ገንዘብ አሁን ዓመቱን ሙሉ በዚያ ሰው እጅ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉም የሚከብደው ምርጫ የተወካይ ጉዳይ ነው። የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ከአልጋ የማይነሱም ወገኖች ተወካይ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ የሚጀምረው ተወካዩን የሚመርጠው ሌላ ሰው ሲሆን፣ የሚቀይርበት መንገድ ሲታጣና ተወካዩ የሚጠየቅበት ሥርዓት ሳይኖር ሲቀር ነው። እናት በልጇ ላይ፣ ሽማግሌ በወንድሙ ልጅ ላይ አቤት ማለት ይከብዳቸዋል። በአንድ ቤት ሲኖሩ ደግሞ ዝምታው ይበረታል።

ይህን ምርጫ በሕግ የደነገጉ አገሮች አሉ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ በ2013 ባቋቋመችው ብሔራዊ የአካል ጉዳት መድን ሥርዓት አንድ ተጠቃሚ የተመደበለትን ገንዘብ ራሱ ማስተዳደር፣ ለተመዘገበ የሒሳብ አስተዳዳሪ መስጠት ወይም በመንግሥት ኤጀንሲው እንዲተዳደርለት ማድረግ ይችላል። ሦስቱን አጣምሮ መጠቀምም ተፈቅዷል። የዚያ አገር የበጀት አቅም ከኢትዮጵያ ጋር አይወዳደርም። «እንዴት ይተዳደርልህ?» ብሎ መጠየቅ ግን የአውስትራሊያን ያህል በጀት አይጠይቅም።

የወረዳ ባለሙያዎች የሥራ ጫና እውነት ነው፤ እያንዳንዱን ሰው መጠየቅ ተጨማሪ ድካም መሆኑም አይካድም። ሆኖም የቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ተጠቃሚዎችን ሲለይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛትና የችግሩ ዓይነት አስቀድሞ ይመዘገባል። በዚያው መዝገብ ላይ ሦስት መስመሮች ቢጨመሩ ይበቃል፤ ባለመብቱ በምን መንገድ መቀበል እንደሚመርጥ፣ ተወካይ ከፈለገ ማንን እንደመረጠ፣ ተወካዩን በፈለገ ጊዜ መቀየር እንደሚችል መነገሩ። ከክፍያው በኋላም ማኅበራዊ ጉዳይን የሚከታተለው ባለሙያ ከጥቂት ቤቶች ደርሶ «ስንት ደረሰህ?» ብሎ ባለመብቱን ብቻውን ቢጠይቅ ተወካዩም ተጠያቂነቱን ያውቃል።

እስከዚያው ድረስ አካል ጉዳተኛ ያለበት ቤተሰብ ሁሉ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። የተከፈለው መጠን በባለመብቱ ፊት ጮክ ተብሎ ይነገር፤ ገንዘቡ በእጁ ይቆጠር፤ ምን እንደሚገዛበትም እርሱ ይናገር። ቅሬታ ያለው ሰው ለቀበሌው አቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ማቅረብ ይችላል፤ መሄድ ካልቻለም ኮሚቴው ወደ ቤቱ መምጣት ይገባዋል። አካል ጉዳተኛው ድጋፉን የሚያገኘው ስሙ በመዝገብ ስለሰፈረ ነው፤ ድጋፉ የእርሱ መሆኑ የሚታወቀው ግን ቃሉም ሲሰማ ነው።