ወፏ የእኛ፣ ስሟ የማን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ብዙ ሳልከራከር ተቀብዬው ኖሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ግን አንዳንዱን ስም የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን ወራሪ መሆኑን አየሁና ነገሩ ከነከነኝ።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ታጠናለች። ቡና እየጠጣን ደብተሯን ዘረጋችና «ጋሼ፣ አንተ ላቲን ምናምን ትሞካክር የለ? እስቲ ይቺን ፍታልኝ» አለችኝ። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከግሪክና ከላቲን የቃረምኳትን ይዤ መነጽሬን አጠለቅሁ። ደብተሩ «ዛቫታሪኦርኒስ ስትሬሴማኒ» ይላል።

«ኦርኒስ» በግሪክ ወፍ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተለጠፈችው «ኢ» ደግሞ በላቲን ባለቤትነትን ታመለክታለች፤ የእኛ «የ» እንደማለት። ሲፈታ እንግዲህ «የስትሬሴማን የሆነች፣ የዛቫታሪ ወፍ» ነው። ይቺ ወፍ በዓለም ላይ የምትገኘው እዚሁ አገራችን ደቡብ ውስጥ፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ ነው። የቁራ ዘመድ ናት። አመድማ ገላ፣ ጥቁር ክንፍና ጭራ፣ በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ አላት። ግራር ላይ ከእሾህ ትልቅ ድቡልቡል ጎጆ ትሠራለች። ኑሮዋ ቦረና፣ ባለቤቶቿ አውሮፓ!

«እሺ፣ ዛቫታሪ ማነው?» አለች ልጅቱ። «እኛ ሸምድዱት ነው የተባልነው።»

ማነው ብዬ ፍለጋ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካላልኩ በስተቀር የፈረንጆቹ ናቸው።) ስትሬሴማን አላስቸገረኝም። ኤርቪን ስትሬሴማን የበርሊን ሰው ነው፤ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላላቅ የአእዋፍ ሊቃውንት አንዱ፣ የነ ኤርንስት ማየር መምህር። ለእሱ ወፍ ቢሰየምለት የሚከፋኝ ሰው አይደለሁም። ጉዱ ያለው ዛቫታሪ ላይ ነው።

ኤዶአርዶ ዛቫታሪ በሮም ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ነበር። ለሳይንሳዊ ጥናት ብሎ ቦረና የመጣው በ1937 ነው። ልብ በሉ፣ 1937 ማለት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያለበት ዓመት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ እንደ ከብት በታረደበት ዓመት፣ ፕሮፌሰሩ ደቡብ ወርዶ እንስሳና አእዋፍ ያሰባስብ ነበር። በ1938 ኤድጋርዶ ሞልቶኒ የተባለ የሚላኖ ሙዚየም ሰው ወፏን ለሳይንስ አስተዋወቀና የወገን ስሟን በዛቫታሪ ሰየመው። በዚያው በ1938፣ ሐምሌ ላይ፣ ጣሊያን ውስጥ «የዘር ማኒፌስቶ» የሚባለው ጽሑፍ ወጣ። ጣሊያኖች አርያን ናቸው፣ አይሁዶች የጣሊያን ዘር አይደሉም፣ የአውሮፓው ሰው ከአፍሪካዊው ጥርት ብሎ ይለይ፣ ጣሊያኖችም ዘረኛ መሆናቸውን በግልጽ የሚናገሩበት ጊዜ ደርሷል ይላል። ፊርማቸው ከተያያዘበት አሥር ምሁራን አንዱ ኤዶአርዶ ዛቫታሪ ነው።

እንግዲህ አስቡት። «አፍሪካዊው ከኛ ይለይ» ብሎ የፈረመ ሰው ስሙ ከአፍሪካዊት ወፍ ተለይቶ አያውቅም። የኛ ልጅ ደግሞ ያንን ስም ለፈተና ትሸመድዳለች።

ይህንን ለአንድ የረጅም ጊዜ ጓደኛዬ ባጫውተው ሳቀብኝ። «አንተ ሰውዬ ሥራ ፈትተሃል! ወፏ እንደሆነች መታወቂያ አላወጣችበት። ስም ነው፣ በቃ» አለኝ። እኔ ግን እላለሁ፦ ስም ምንም ካልሆነ ሰዎቹ ለምን ተሻሙበት? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የምንለው እኛው አይደለንም እንዴ? ዛቫታሪ ከሞተ ቆየ፤ ስሙ ግን ዛሬም ግራር ላይ ይጮኻል።

ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። በደቡባችን ደኖች ውስጥ አረንጓዴ ለብሳ፣ በክንፏ ውስጥ ቀይ የሰወረች ውብ ወፍ አለች። የተሰየመችው በኤውጄንዮ ሩስፖሊ ነው። ሩስፖሊ በ1893 እዚያው ደቡብ ኢትዮጵያ ውስጥ ዝሆን የገደለው የጣሊያን ልዑል ነው። ወፏ ከጓዙ ውስጥ ተገኘች፤ ከየት እንደተያዘች ግን የጻፈው ነገር አልነበረም። ጣሊያናዊው ሳልቫዶሪ «ሩስፖሊ» ብሎ የሰየማት በ1896 ነው። በ1896 ምን እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ አይነገርም፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ! በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሊቃውንቱ ዘመዶቿን ለይተው የወገን ስሟን «ምኒልኮርኒስ» አደረጉት። ዛሬ ሙሉ ስሟ «ምኒልኮርኒስ ሩስፖሊ» ነው። ዐፄ ምኒልክና የጣሊያን ልዑል በአንዲት ወፍ ጀርባ ላይ ተፈናጠው ይሄዳሉ! ለሰምና ወርቅ ሰው ከዚህ የበለጠ ቅኔ ከየት ይመጣል?

«ታዲያ ይቀየራ!» የሚለኝ አይጠፋም። እዚህ ላይ ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። የእንስሳት ሳይንሳዊ ስም የሚመራው በቀዳሚነት ነው፤ ቀድሞ በሥርዓቱ የጻፈ ያሸንፋል። በነገሌ አቅራቢያ ባለው የሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው ትንሽ ወፍ በ1975 በሲዳሞ ስም «ሲዳሞኤንሲስ» ተብላ ነበር። በ2013 ግን በ1920 ከሶማሌ ምድር ከተመዘገበች ወፍ ጋር አንድ ዝርያ መሆኗን ተመራማሪዎች አሳዩ። ያቺኛዋ የተሰየመችው የብሪታንያ ሶማሊላንድ ገዢ በነበረው በአርቸር ነው። ቀድሞ ተጽፏልና አርቸር አሸነፈ፤ ሲዳሞ ዝቅ ብሎ የንዑስ ዝርያ ስም ሆኖ ቀረ። የእንስሳትን ስም አወጣጥ የሚዳኘው ዓለም አቀፍ ኮሚሽንም በ2023 «ለሥነ ምግባር ተብሎ ነባር ስም አይለወጥም» የሚል አቋሙን አሳውቋል።

አይቻልም ማለት ግን አይደለም። የዕፀዋት ሊቃውንት በ2024 ማድሪድ ላይ ተሰብስበው፣ «ካፍራ» የሚለውንና ጥቁር አፍሪካዊን የሚሰድበውን ቃል ከሁለት መቶ በላይ ከሚሆኑ ስሞች አውጥተው «አፍራ» እንዲባል በድምፅ ወስነዋል። አንዲት ፊደል ብትነሳ ሰማይ አልተደፋም። የአሜሪካ የአእዋፍ ማኅበርም በ2023 በሰው ስም የሚጠሩ የአካባቢውን ወፎች የእንግሊዝኛ መጠሪያ እንደሚለውጥ አስታውቋል።

እኔ ግን ከለዋጮቹ ጋርም ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ፤ ገጽ መቅደድ አልወድም። «ዛቫታሪኦርኒስ» የሚለው ስም የወንጀል ማስረጃ ነው። ማስረጃ ሲጠፋ የሚጠቀመው ተከሳሹ ነው። ዛሬ ስሙ ባይኖር የእህቴ ልጅ «ማነው?» ብላ አትጠይቅም፣ እኔም ስለ ማኒፌስቶው ፊርማ አልነግራትም ነበር። የኔ ጠብ ከስሙ መኖር ጋር ሳይሆን ከዝምታው ጋር ነው። ስሙን ሸምድዱ ብሎ ባለስሙን መደበቅ ማስተማር አይባልም። ስሙ በተጻፈበት ሁሉ፣ በመማሪያ መጽሐፍም ሆነ በሙዚየም ሰሌዳ፣ ሁለት መስመር ይጨመርበት፦ ማን ነበር፣ መቼ መጣ፣ ምን ፈረመ። ሁለት መስመር ብቻ!

ሁለተኛው ጠብ ደግሞ ከራሳችን ጋር ነው። ለላቲኑ ስም ኮሚሽን አለው፤ ለአማርኛና ለኦሮምኛው ግን ማን ከለከለን? እኛ ከተሜዎቹ ቁራን፣ ቆቅን፣ ጅግራን፣ እርግብን ጠርተን ስንጨርስ የቀረውን በሙሉ «ወፍ» ብለን እናልፋለን። ቦረና ግን ከብቱን በመልክ በመልኩ ለይቶ የሚጠራ ሕዝብ ነው፤ ደጁ ላይ የምትኖረውን ወፍ እስከ 1937 ድረስ ጣሊያን ይሰይምልኝ ብሎ አልጠበቀም። የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ የሮማው ፕሮፌሰር አለ፤ የቦረና እረኛ የሚጠራት ስም የለም። ይህንን ጣሊያን አላደረገብንም፤ እኛው ነን ያደረግነው።

በጨዋ መሰየም ደግሞ እንደሚቻል ምስክር አለ። በዚያው በሜጋ አካባቢ ነጭ ጭራ ያላት፣ ነፍሳት በአየር ላይ የምትቀልብ ወፍ አለች። እንግሊዛዊው ቤንሰን በ1942 ሲጽፋት የአለቃውን ወይም የወዳጁን ስም አልለጠፈባትም፤ በሜጋ ከተማ «ሜጋኤንሲስ» አላት። በአንኮበር የተገኘችውም ትንሽ ወፍ ከ1979 ጀምሮ በአንኮበር ስም ትጠራለች። ፈረንሳዊው ሌቫያን ደግሞ አንዷን የደቡብ አፍሪካ ወፍ ክላስ በተባለው ኮይኮይ አገልጋዩ ስም ጠርቷታል፤ በሳይንሱም ዛሬ ድረስ «ክላስ» ናት። ያቺ ወፍ እኛም አገር አለች። ዛቫታሪንስ ቦረና ውስጥ መንገድ የመራው፣ ውኃ ያሳየው ሰው ስም አልነበረውም?

የእህቴን ልጅ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻታለሁ። ክፍሏ ውስጥ ከያቤሎ የመጣ ልጅ ካለ አባቱን ያስጠይቅላት፤ መልሱን ከላቲኑ በላይ በትልቁ ትጻፈው። ጊዜ የለንም። ወፏ የምትኖርባት ቀጠና ዙሪያዋን ካለው ቆላ ቀዝቀዝ ያለች ጠባብ ምድር ናት፤ አየሩ እየሞቀ ሲሄድ መሄጃ እንደማይኖራት ተመራማሪዎች ያስጠነቅቃሉ። ከመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ዝርያዎች ተመዝግባለች።

የኖኅ ቁራ ሄዶ ቀረ ይባላል። የኛዋ የቁራ ዘመድም አንድ ቀን ሄዳ ከቀረች፣ ቦረና ላይ የጠራት ስም ካልተጻፈ፣ በዓለም መዝገብ ላይ የሚቀረው የዛቫታሪ ስም ብቻ ነው። እሱንስ አልፈቅድም።

ቸር ይግጠመን።