የኪስ ወረቀት



ለሥራ ጉዳይ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተጉዘን ሳለ ሀራሙስ በሚባለው ሰፈር በእግራችን አለፍን። ሀራሙስ ቪላዎችና ኤምባሲዎች የሚገኙበት ሰፈር ነው፤ የአሜሪካ ኤምባሲም በዚያው ነው። ጅቡቲ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የጃፓን፣ የጣሊያን፣ ከእ.ኤ.አ. 2017 ወዲህም የቻይና ጦር የሰፈረባት ትንሽ አገር ናት። ስለዚህ ከፍ ያለውን አጥርና የብረቱን በር ያየ ሰው፣ ምሥጢር የሚጠበቀው በግንብ ይመስለዋል። ነገር ግን ምሥጢር አጥር ዘሎ የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ በዋናው በር፣ በራሱ በባለ አደራው ኪስ ገብቶ ይወጣል።

አሜሪካውያን ምሥጢር ለሚይዝ ሠራተኛ የሚሰጡትን ፈቃድ የሚመዝኑበት፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የጸና 13 ክፍሎች ያሉት መመሪያ አላቸው። አንዱ ክፍል የሚመለከተው የምሥጢር አያያዝን ብቻ ነው። ሰነድን ያለ ፈቃድ በቤት ማስቀመጥ፣ ለማይመለከተው ሰው መናገር፣ ተመክሮም አለመታረም ፈቃድ ሊያስነጥቁ ይችላሉ። ፈቃዱን የተነጠቀ ሰው ከምሥጢር ሥራው ይወጣል።

በዚህ ረገድ ማዕረግም አያድንም። የአሜሪካ የስለላ ድርጅት የሲአይኤ ዲሬክተር የነበሩት ጆን ዶይች እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራቸውን ሲለቁ፣ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ የቤታቸው ኮምፒዩተር ላይ የምሥጢር ጽሑፎች ተገኙ። በ1999 ፈቃዳቸው ታገደ። ያስቀጣቸው ለጠላት መሸጥ ሳይሆን የቢሮን ሥራ ወደ ቤት መውሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ስትራቫ የተባለው የስፖርት መተግበሪያ ባወጣው የዓለም ካርታ ላይ፣ ወታደሮች የእጅ ሰዓት አስረው የሮጡባቸው መንገዶች የጦር ሰፈሮችን ቅርጽ ይዘው ታዩ። ሮጦ ላቡን የጠረገው ወታደር ምሥጢር አወጣሁ ብሎ አላሰበም።

እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ምክትል መቶ አለቃ ሳለን፣ የጥበቃ ተራ ዝርዝር በኪሳችን እንደያዝን ቤት ገባን። ባለቤታችን ልብሱን ስታጥብ ወረቀቱን አገኘችው፤ የሚያስፈልግ መስሏት እንዲደርቅ ከረከቦቱ አጠገብ ዘረጋችው። ጐረቤቶች ቡና ሊጠጡ ተሰብስበው ነበር። እኛ ስንደርስ ሦስተኛው እየተቀዳ ነው።

አፈርን፤ ሁለት ቀን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ለአለቃችን ነገርን። የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ተቀብለውን አንድ ዓመት ሙሉ አልመለሱልንም። «ወረቀት መርሳት ሰው ሁሉ ላይ ይደርሳል፤ ቁልፉን የወሰድሁብህ ስለ ሁለቱ ቀን ነው» አሉን። ያነሣነው መመሪያም ጥፋቱ ሳይታሰብ ደርሶ ወዲያው ከተነገረ ለሠራተኛው ይቆጥርለታል።

በቤት በኩል ደግሞ ሌላ ዕዳ ነበረብን። ባለቤታችን ቁልፉ የተወሰደው በእርሷ ጥፋት መስሏት ስታዝን ከረመች። ጥፋቱ የእኛ እንደ ሆነ የነገርናት ከወር በኋላ ነው። አለቃችን ይህንን ቢያውቁ ቁልፉን ሁለት ዓመት በያዙብን ነበር።

እንግዲህ ወንድሞች፣ ከቢሮ ከመውጣታችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ፤ ከጠፋባችሁም ሳይመሽ ተናገሩ። እህቶች፣ ወረቀት ስታገኙ ሳታነቡና ለማንም ሳታሳዩ ለባለቤታችሁ ስጡ፤ «ዛሬውኑ መልሰው» በሉትም። የት እንደ ዋለ ጠይቃችሁት ዝም ቢል ንቀት አይምሰላችሁ፤ ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና።

የሳምንት ሰው ይበለን።