ባቡሩ ሥራው ተከፋፍሏል፤ የመቱን ጥያቄ ማን ይመልስ?

የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም የባቡሩ ጉዳይ ሁሉ የሚጠየቀው ከእርሱ ነበር። ዛሬ ሥራው በተለያዩ እጆች ገብቷል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር የሚያንቀሳቅሰው ኢትዮጵያ 75፣ ጅቡቲ 25 በመቶ ድርሻ የያዙበት አክሲዮን ማኅበር ነው። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርም ወደ ከተማው አስተዳደር ተዛውሯል።

መከፋፈሉ በራሱ ክፋት የለውም። ሐዲድ መዘርጋት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ብድር ይፈልጋል፤ ባቡር ማንቀሳቀስ ደግሞ የዕለት ገቢና ወጪ ያለው ንግድ ነው። ሁለቱ በአንድ መዝገብ ሲቀላቀሉ ኪሳራው ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

የእኛ ሥጋት ሌላ ነው። አጓጓዡ ድርጅት የሚሄደው ጭነትና ሐዲድ ወዳለበት ነው። ሐዲድ ላልደረሰበት አገር የሚሟገተው ማን ነው? በአገር አቀፉ የባቡር ዕቅድ ከአዲስ አበባ በኢጃጂና በጅማ አድርጎ በደሌ የሚደርስ መስመር ተካቶ ነበር። እስካሁን አልተሠራም። ቢሠራ እንኳ ከበደሌ መቱ ለመድረስ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይቀራል። ድሮ የኢሉባቦር ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ያ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ ቡናችን መኪና ጠባቂ ነው፤ የማጓጓዣው ዋጋ በጨመረ ቁጥር የሚጎዳው ገበሬው ነው።

መከፋፈልን በመብራትም አይተነዋል። የመብራት ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፈለ፤ ማመንጨትና ዋናው ማስተላለፊያ ለአንዱ፣ ማከፋፈልና ሽያጭ ለሌላው ሆነ። መቱ አጠገብ ሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። መብራት ሲጠፋ ግን ደንበኛው ብልሽቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ያውቃል?

ስለዚህ ሁለት ነገር በግልጽ ይጻፍ እንላለን። አንደኛ፣ ያልተዘረጉ መስመሮችን ጉዳይ በኃላፊነት የሚይዘው የትኛው አካል ነው? ሁለተኛ፣ ትርፍ የማያመጣ ግን ሕዝብ የሚፈልገው መስመር ወጪው በመንግሥት በጀት ስሙ ተጠቅሶ ይታይ፤ በአጓጓዡ ሒሳብ ውስጥ አይደበቅ።

የሕዝብ ሀብት አማና ነው። አማና የተሸከመው ሰው ካልታወቀ ደግሞ የሚጠየቅበት አይኖርም።