የሙያ ጥግ፦ ፍጥነቱ አልቀንስ ያለ ቶርኖ

በሾዋክና በዙሪያው የአንገረብ እግር በቶርኖ የምትሠሩ አናጺዎች፣ ያረጀው ማሽን ፍጥነቱ አልለወጥ ሲል «ሞተሩ አለቀ» ብላችሁ ለቁራሌ አትሽጡት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፑሊው ላይ ነው።

ፍጥነቱ በእጀታ የሚለወጥ ቶርኖ ፑሊው ሁለት ግማሽ ነው። አንዱ ግማሽ ዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ሲቀርብ ቺንጊያው ወደ ጠርዝ ይወጣል፣ ሲርቅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ሰጋቱራ ከግራሶ ጋር ሲቦካ፣ የገዳሪፍ አቧራ ሲጨመርበት፣ ያ ግማሽ ተጣብቆ ይቀራል።

መጀመሪያ ገመዱን ከመብራት ንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ቺንጊያውን አውጡ። ሞላው ኃይለኛ ነው፣ ስትፈቱት ፊታችሁን አርቁ። ዘንጉን በላምባ እጠቡና አድርቁ (ሲጋራ የያዘ ዞር ይበል)። ግራሶ መልሳችሁ እንዳትቀቡ! ሰጋቱራውን የሚሰበስበው እሱ ነው። የእርሳስ ፍሬ ፈጭታችሁ እሹበት፣ ይበቃዋል።

እጀታው የሚዞረው ማሽኑ እየሠራ ሳለ ብቻ ነው፤ ቆሞ በግድ ሲያዞሩት ይሰበራል። ፑሊው ደረጃ ደረጃ ያለው ከሆነ ግን ቺንጊያው የሚዛወረው ማሽኑ ቆሞ፣ ገመዱ ተነቅሎ ነው።

እስኪጠገን ትልቅና ያልተስተካከለ እንጨት አትሰሩበት። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እንጨት በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ በከሰላ መንገድ የሚበር ሎሪ በሉት። ልጆችም ከማሽኑ ፊት አይቁሙ።