ከሸሚዝ ሥር ያለች ካራ



ባለፈው ወር አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪዬ ኳስ ሲጫወት ወደቀ። ላነሳው ስጠጋ ከሸሚዙ ሥር፣ በቀበቶው ውስጥ የተሻጠች ካራ አየሁ። ስለቷ ከጣት አይበልጥም። የቆዳ አፎቷ በወገቡ ልክ ተሰፍቷል፤ ሲቀመጥ አትቆረቁረውም፣ ሲሮጥም አትወዛወዝም።

«ለምን ያዝካት?» አልኩት።

«ማታ ከቂርአት ስመለስ መንገዱ ጨለማ ነው ኡስታዝ። ደግሞ ስለማትከብደኝ መያዜንም እረሳዋለሁ።»

ያስደነገጠኝ ይህ «እረሳዋለሁ» ማለቱ ነው። ካራ መያዝ በራሱ ሐራም አይደለም። አባቴም ሩቅ መንገድ ሲወጣ ለእርድ ብሎ ካራ ይይዝ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ እያየው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሙስሊምን እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል። ጫፉን የጨበጠ ሰው መቼም መሣሪያ መያዙን አይረሳም! በሌላ ሐዲስም በወንድም ላይ መሣሪያ ማመላከትን ከልክለዋል፤ ሸይጧን እጁን ሊያስተው ይችላልና። የ14 ዓመት ልጅ በኳስ ሜዳ ሲናደድ እጁ ወዴት እንደሚሄድ እኛ መምህራን እናውቀዋለን።

አባቱን አስጠራሁ። ለካ አፎቱን ያሰፋለት እሱ ራሱ ኖሯል! «ምን ላድርግ? እኔ እስከ ማታ ሱቅ ነኝ» አለኝ። ካራዋን ከነአፎቷ አስረከብኩትና ብዙ ተነጋገርን።

አሁን ከዒሻ በፊት ሱቁን ዘግቶ ልጁን ከቂርአት ቤት ደጃፍ ይቀበለዋል። የማታ ገበያው እንደቀነሰበት አልሸሸገኝም።