ትራክተር ማረሻውን አላነሣ ሲል

በእንፍራንዝ አካባቢና በፎገራ ሜዳ ያለው ዋልካ አፈር ሲደርቅ ድንጋይ፥ ሲርስ ጭቃ ነውና የሚታረስበት ጊዜ አጭር ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌ ትራክተር ማረሻውን ማንሣት ቢያቅተው ብዙ ሰው «ፓምፑ ሞተ» ብሎ ይፈርዳል። ፍርድ ግን ከምርመራ በኋላ ነው።

በ1946 እ፡ኤ፡አ፡ መሠራት በጀመረው በፈርጉሰን ቲ ኢ 20 ፓምፑን የሚያዞረው የኋላው ማዞሪያ ዘንግ ነው፤ የዘንጉ ማርሽ ካልገባ ማረሻው አይነሣም። እንግዲህ አስቀድሞ ማርሹ ይታይ፤ ቀጥሎ የዘይቱ ልክ ይመርመር። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታልና ይለወጥ፤ ማጣሪያውም ይጽዳ። ማረሻው ተፈትቶ ባዶው ክንድ ብቻ የሚነሣ እንደ ሆነ፥ ግፊቱ ደክሟልና መካኒክ ይጠራ። ማረሻው ከላይ ተይዞ ቢቀር፥ በጠንካራ ግንድ ሳይደገፍ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ሳይታሰብ ወርዶ እግር ይቈርጣል።

ነዳጅ እየገዛ ዘይት የሚነፍግ ባለ ትራክተር፥ በበሬው አርሶ ገለባ እንደሚነፍገው ገበሬ ነው። ስለዚህ የዘይትና የማጣሪያ ገንዘብ በሚያዝያ ይመደብ፤ ሰኔ ከገባ በኋላ የተገዛ ዘይት ለዘንድሮ እርሻ አይደርስም።