በሬ ሳይሸጥ ማስታመም

በደባርቅና በዳባት ደጋ ገበሬው በጽኑ ሲታመም ጎረቤቱ በቃሬዛ ተሸክሞ ከመኪና መንገድ ያደርሰዋል። ከደባርቅ እስከ ጎንደር ሆስፒታል መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ለሕክምናው በሬ ይሸጥ ነበር። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይህን ሸክም አቃልሏል፤ ዓመታዊ መዋጮውን የከፈለ አባወራ ከነቤተሰቡ፣ ከጤና ጣቢያ እየተላከ እስከ ሆስፒታል ይታከማል።

ይሁን እንጂ ሕመምተኛው ቤቱ ሲመለስ ሌላ ወጪ ይጠብቀዋል። መድኑ የሚከፍለው ለጤና ተቋም እንጂ ለአስታማሚ አይደለም። እግሩ የተሰበረውን ወይም ሽባ የሆነውን የሚያገላብጥ፣ የሚያጥብና የሚያጎርስ ሰው ከሥራ ይቀራል። ይህም ሰው ብዙውን ጊዜ ሚስት ወይም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ናት። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው መርሐ ግብር በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ያለክፍያ ይመክራሉ፤ ነገር ግን ቀበሌውን ሁሉ የሚዞሩ ጥቂት ሴቶች ከአንድ አልጋ አጠገብ ሊውሉ አይችሉም። ወጪውን በመዝገብ የሚይዘው የለም፤ እኛ የእርሻ ሰዎች ግን በሰኔ ጦሙን ባደረ ማሳ እናውቀዋለን።

ዕድራችን ለቀብር ፈጥኖ ይደርሳል፤ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። ከዚያው መዋጮ ጥቂቱን ለይቶ ለሕመምተኛው ቤት ሳሙናና እህል መግዣ ቢያደርገው ምን ይከለክለዋል? ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ወንፈል አለው፤ የአንድ ቀን ጥማድ ለአስታማሚዋ ማሳ ይዋልላት። የዕድር ዳኞች ይህን ከደንባቸው የሚያስገቡት ግን እህል ከአውድማ በገባበት ወራት፣ የመድኑ መዋጮም በሚሰበሰብበት ሰሞን ቢሆን ይመረጣል።